የአንድ መስኮት የንግድ ሥርዓት ሲታቀድ ከምን ይጀመራል?

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦
ጤና ይስጥልኝ። የቀወት ገበሬ ያመረተውን ማሾ ሰብስበን ወደ ውጭ ለመላክ ስንዘጋጅ፣ የአንዱኑ ጭነት ዓይነትና ክብደት በየመሥሪያ ቤቱ ቅጽ ላይ ደጋግመን እየሞላን ብዙ ቀን ፈጅተናል። አገር አቀፍ የኤሌክትሮኒክ የንግድ ማሳለጫ ሥርዓት ገና ሲታቀድ መቅደም ያለበት ሶፍትዌሩ ነው ወይስ ሌላ ሥራ?

መልስ (ከደብረ ብርሃን)፦
ወንድሜ፣ ሶፍትዌሩ ኋላ የሚመጣ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ስለ አንድ መስኮት ሥርዓት በፈረንጆች 2005 ያወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 33 ዋና መርሁ ነጋዴው መረጃውን በአንድ መግቢያ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያቀርብ ነው። ይህ የሚሆነው እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የሚጠይቀው መረጃ አስቀድሞ ተዘርዝሮ ድግግሞሹ ሲወጣና ስያሜው አንድ ሲሆን ነው፤ ያለዚያ የወረቀቱ እንግልት ወደ ኮምፒውተር ተዛወረ እንጂ አልቀረም። እኔ በግሌ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ይመስለኛል፤ መሥሪያ ቤቶች የለመዱትን ቅጽ በቀላሉ አይተዉምና።

መልስ (ከአረርቲ)፦
ሕጉም አይዘንጋ። አገራችን ሥርዓቱን በ2012 ይፋ ከማድረጓ በፊት የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ወጥቶ ነበር፤ በስክሪን ላይ የጸደቀ ፈቃድ የሕግ ዋጋ ከሌለው፣ ነጋዴው ማኅተም ፍለጋ ተመልሶ አዲስ አበባ መውረዱ አይቀርም።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የምንሞላቸውን ቅጾች ሰብስቤ የሚደጋገመውን ለይቼ አቀርባለሁ።