ሚያታዬን ሳልጎዳ ትንሽ ፈጣን ላድርጋት፤ ከምን ልጀምር?

ናቲ_ኦሮራ

ሰላም ቤቶች። የ2000 ማዝዳ ሚያታ አለችኝ። 1.8 ሊትር ሞተር፣ አምስት ማርሽ፣ ባለ 14 ኢንች ቸርኬ። የምኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ሞተሯ ጤነኛ ነው። ዘይት አታፈስም፣ አትጨስም፣ ችንጋዋም ተቀይሯል። ችግሯ ጉልበት ነው። ከዴንቨር ወጥቼ በአይ-70 ወደ አይዘንሃወር ዋሻ ስወጣ አራተኛ ማርሽ አይገፋትም፣ ሦስተኛ አስገብቼ እየጮኸች ነው የምትወጣው፣ ትልልቅ ፒክአፖች ሳይቀሩ ዘና ብለው ያልፉኛል።

ጓደኞቼ ክፍት ፊልትሮ ግጠምባት፣ ማርሚታውን ቀይር ይሉኛል። ያለኝ ሁለት ሺህ ዶላር ነው። የውድድር መኪና እንድትሆን አልፈልግም፣ በየቀኑ ሥራ እሄድባታለሁ። ቅዳሜና እሁድ ተራራ እወጣባታለሁ፣ በጋ ላይ ደግሞ ሃይ ፕሌንስ ሬስዌይ (የመኪና መሮጫ ሜዳ፣ ትራክ) ወስጄ ልነዳት አስቤያለሁ። ጎማዎቿ ለአራቱም ወቅት የሚባሉት ናቸው። ጥርሳቸው አላለቀም፣ ግን የቆዩ ናቸው። አሞርዛተሮቹም ከፋብሪካ ጋር የመጡት ይመስሉኛል። እባካችሁ የምታውቁ ምከሩኝ።

የድሮ_መካኒክ

ናቲ፣ መጀመሪያ ጉልበቷ የት እንደሄደ ልንገርህ፣ ከዚያ ወደ ገንዘብህ እንመጣለን።

መኪናህ ከፋብሪካ ስትወጣ 140 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ይህ ግን የባሕር ጠለል ላይ ነው። ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ በአንድ ስበት የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ናት። እዚያ ያለህ 118 አካባቢ ነው። አይዘንሃወር ዋሻ ደግሞ 3,400 ሜትር ስለሆነ ሲሶው ገደማ ይሄዳል፣ ወደ 90ዎቹ ትወርዳለህ ማለት ነው። ስለዚህ መኪናህ አልታመመችም። ሲያልፉህ የምታያቸው አዳዲሶቹ ፒክአፖች አብዛኞቹ ቱርቦ ስላላቸው ከፍታው እንዳንተ አይጎዳቸውም።

አሁን ጓደኞችህ ስላሉህ። ክፍት ፊልትሮ ኮፈኑ ሥር ሲቀመጥ የሚስበው የሞተሩን ሙቅ አየር ነው። ሙቅ አየር ደግሞ ስስ ነው። ድምፁ ይጨምራል፣ እሱን ሰምተህ የፈጠነች ይመስልሃል፣ ሰዓት ይዘህ ብትለካት ግን ለውጥ አታገኝም። ማርሚታም ብቻውን ቢቀየር ጥቂት ፈረስ ነው የሚሰጥህ። ካታሊቱን (ጭሱን የሚያጣራውን) አውጣው የሚልህ ካለ ፈጽሞ አትስማው። ሕገወጥ ነው፣ የጭስ ምርመራም ትወድቃለህ።

እኔ ብሆን ሁለቱን ሺህ ዶላር ከሞተሩ በታች ነው የማፈሰው። ሚያታ 1,050 ኪሎ ገደማ የምትመዝን፣ ክብደቷ ከፊትና ከኋላ እኩል የተካፈለ፣ የኋላ እግሯ የሚገፋት መኪና ናት። የተሠራችው ለኩርባ ነው። ያረጀ አሞርዛተርና የደረቀ ጎማ ይዛ ግን የተሠራችበትን ግማሽ ያህል እንኳ አታሳይህም። ቅደም ተከተሉ በእኔ እምነት ጎማ፣ አሞርዛተር፣ ጎሚኒዎች (የእግሯ መገጣጠሚያ ላስቲኮች)፣ አላይመንት (የጎማዎቹን አቋም ማስተካከል)፣ ፍሬን ነው። ሞተሩ መጨረሻ ይምጣ።

ደግሞ አንድ ነገር። ኮሎራዶ ማደያዎች ላይ 85 ኦክቴን ቤንዚን በርካሹ ዋጋ ተለጥፎ ታያለህ። አትቅዳው። የመኪናህ መጽሐፍ 87 ነው የሚለው።

ቱርቦ_ቨርጂኒያ

የድሮ መካኒክ የተናገሩት ስለ ከፍታ ትክክል ነው፣ ግን ራሳቸው ያሉት ወደ ቱርቦ ነው የሚወስደን እኮ። ችግሩ አየር ከሆነ አየር እንጨምርላት! ትንሽ ሱፐርቻርጀር ወይም ዝቅተኛ ግፊት ያለው ቱርቦ ከፍታው የወሰደውን ይመልሳል። ማዝዳም በ2004ና በ2005 ማዝዳስፒድ ብሎ ቱርቦ ሚያታ ሸጧል፣ 178 ፈረስ። ናቲ፣ ጎማና አሞርዛተር ብትቀይር ዳገቱ ላይ ያው ነህ። የጠየቅኸው ደግሞ ስለ ዳገቱ ነው።

የድሮ_መካኒክ

ወንድሜ፣ ሐሳብህን አልቃወምም፣ ለከፍታ ትክክለኛው መድኃኒት እሱ ነው። ግን በሁለት ሺህ ዶላር አይሆንም። የማዝዳስፒድን ነገር ካነሳህ ፋብሪካው ቱርቦውን ብቻ ጣል አድርጎ አልሸጣትም። ማርሹን ስድስት አደረገ፣ እግሯንና ጉልበት የሚያስተላልፉትን ክፍሎች አጠናከረ። ናቲ ቤት ቱርቦ ሲገባ ኢሲዩ (የሞተሩ ኮምፒውተር) ይፈልጋል፣ ኢንጀክተር ይፈልጋል፣ ፍሪሲዮን ይፈልጋል፣ ፕሪሚየም ቤንዚን ይፈልጋል። ከሁሉ በላይ የማቀዝቀዣው ነገር አለ። ይህ ሞተር መጀመሪያ የተሠራው እንደ ማዝዳ 323 ላሉ በወርድ ለሚቀመጥባቸው መኪናዎች ነው። ሚያታ ውስጥ በርዝመት ሲቀመጥ ውኃው በፊት ገብቶ በፊት እንዲወጣ ተደረገ፣ ስለዚህ የኋለኞቹ ሲሊንደሮች ከፊተኞቹ ይልቅ ይሞቃሉ። በፋብሪካው ጉልበት ምንም አይደለም። ግፊት ስትጨምርበትና ረጅም ዳገት ስታስወጣት ግን ጣጣው እዚያ ይጀምራል። ቱርቦ በርካሽ አስገጥመው ሞተር የጨረሱ ልጆች ብዙ አይቻለሁ፣ እንደዚያ እንዲሆንበት አልፈልግም።

ናቲ፣ ስለ ራዲያተር ካነሳን አይቀር፣ ላይኛውን ፕላስቲክ አሁኑኑ እየው። አዲስ ሲሆን ጥቁር ነው። ወደ ቡናማ ወይም ወደ አረንጓዴ ካደላ አርጅቷል፣ አንድ ቀን ይሰነጠቃል። ከማንኛውም ማሻሻያ በፊት እሱን ቀይር።

ሚሚ_ትራክ

እኔም ኮሎራዶ ነኝ፣ ሃይ ፕሌንስ ላይ ብዙ ነድቻለሁ። ናቲ፣ እንኳን ወደዚህ መጣህ፣ ስታየው ትወደዋለህ። ዳገትና ቁልቁለት ያለው፣ ለትንሽ መኪና የሚመች ሜዳ ነው። ትልልቅ ሞተር ያላቸው ቀጥታው ላይ ጥለውኝ ይሄዱና ኩርባ ላይ መልሼ እደርስባቸዋለሁ፣ ይህን የሰጠኝ ደግሞ ጎማ ነው።

በ14 ኢንች ቸርኬ ጥሩ የስፖርት ጎማ ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ ያገለገለ ባለ 15 ኢንች፣ ወርዱ 7 የሆነ ቀላል ቸርኬ ፈልግ። ቀዳዳው 4 በ100 ነው፣ ይህ ልክ ብዙ መኪና ላይ ስላለ አታጣም። በላዩ 205/50 የበጋ ጎማ። ቸርኬው ክብደቱ የቀለለ ይሁን፣ ምክንያቱም ከሞላው በታች የሚቀነስ ኪሎ ጥቅሙ ብዙ ነው፣ ስትነሣም ስትይዝም ስትጠመዘዝም ይታወቅሃል። የበጋ ጎማ ግን ብርድ ላይ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፣ ዴንቨር ደግሞ ግንቦት ላይ ሳይቀር በረዶ ይጥላል። የድሮዎቹን ቸርኬዎች አትሽጥ፣ የክረምት ጎማ አስገባባቸው።

አሞርዛተር ላይ ኮኒ ወይም ቢልስታይን ያዝ። ሞላውን ትንሽ ጠንከር ያለ ማድረግ ትችላለህ፣ ግን እባክህ መኪናዋን መሬት አታስልሳት። የሚያታ እግር የሚላወስበት ቦታ ጠባብ ነው። በጣም ስትወርድ የእግሯ እንቅስቃሴ መጨረሻ ላይ ያለው የላስቲክ ማቆሚያ ላይ እየተመታች ትዘላለች፣ ኩርባ መሃል ላይ ሲሆን ደግሞ አደገኛ ነው።

አላይመንት ስታሠራ ዝም ብሎ "ወደ ፋብሪካው መልሰው" አትበል። ሚያታ አራቱም እግሯ ይስተካከላል፣ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ፊት ካምበር (ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ የሚያዘነብልበት) ከዜሮ በታች አንድ ተኩል ዲግሪ ያህል፣ ኋላ ከዚያ ትንሽ ጨምር፣ ፊት ቶ (የጎማዎቹ አፍንጫ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞር) ዜሮ፣ ኋላ በጥቂቱ ወደ ውስጥ። ለመንገድም ለትራክም የሚሆን ነው፣ ጎማም አይበላም።

ፍሬን ላይ ትልልቅ ዲስክ አትግዛ፣ ክብደቷ ትንሽ ስለሆነ ያላት ይበቃታል። ጥሩ የፍሬን ሸራና አዲስ ዶት 4 የፍሬን ዘይት ይበቃል። ዘይቱ እርጥበት ስለሚስብ ሲቆይ በሙቀት ይፈላል፣ ፔዳሉም መሬት ይነካል። ትራክ ከመውጣትህ በፊት አስቀይረው፣ ይህን በጭራሽ አትዝለለው።

ሌላው ደግሞ ጣሪያዋ ሸራ ነው። ትራክ ከሄድክ ሮል ባር ያስፈልግሃል። ፍጥነት አይጨምርልህም፣ ግን ብትገለበጥ ጭንቅላትህን የሚያተርፈው እሱ ነው። ከሁለቱ ሺህ ላይ ለእሱ ቦታ ተው።

አዲሱ_ከሸገር

ከአዲስ አበባ ነኝ፣ ሚያታ የለኝም፣ ግን ስለ ከፍታው ልጨምር። እኛ 2,300 ሜትር ላይ ነው የምንኖረው፣ እንጦጦ ስንወጣ ደግሞ ከ3,000 በላይ። ትንሽ ሞተር ያለው መኪና እዚህ ምን እንደሚሆን በየቀኑ እናየዋለን። በተሞክሮዬ ሰዎች ጉልበት አነሰ ብለው የሚያመጧቸው መኪናዎች ላይ ብዙ ጊዜ የማገኘው የቆሸሸ የአየር ፊልትሮ፣ ያለቀ ካንዴላ፣ የደከመ የካንዴላ ገመድ ነው። ከፍታው አስቀድሞ ስለሚወስድ ትንሿ ጉድለት እዚህ ጎልታ ትታያለች። ናቲ፣ እነዚህን ቀይረህ ካላየህ መጀመሪያ እነሱን ቀይር። ርካሽ ናቸው።

ናቲ_ኦሮራ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ራዲያተሩን አየሁት፣ ቡናማ ነው። እሱን አዝዣለሁ፣ ካንዴላና ገመዱንም አብሬ። ቀጥሎ ቸርኬና ጎማ፣ ከዚያ አሞርዛተር። ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ሞላና አሞርዛተሩን ራሴ ብቀይረው ይከብዳል? መሣሪያ አለኝ።

የድሮ_መካኒክ

አይከብድህም፣ ግን ጊዜ ስጠው። ያረጀው ሞላ ተጨምቆ ስለሚቀመጥ ጥሩ የሞላ መጭመቂያ ተከራይ፣ አትቀልድበት። ብሎኖቹ ላይ ቀደም ብለህ የዝገት ዘይት ርጭባቸው፤ የኮሎራዶ መኪና እንደ ሚሺጋኑ አይዝግም፣ ቢሆንም ሃያ ምናምን ዓመት የቆየ ብሎን ነው። ደግሞ ጎሚኒ ያለባቸውን ብሎኖች መኪናዋ በአየር ላይ እያለች አታጥብቃቸው። መሬት ላይ አሳርፈህ፣ ክብደቷን ይዛ ስትቆም ነው የሚጠብቁት። አለበለዚያ ጎሚኒው ተጠማዝዞ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ከዚያ በቀጥታ ወደ አላይመንት ውሰዳት፣ የሚሚን ቁጥሮች ጽፈህ ያዝ።

ሚሚ_ትራክ

የጎማ ንፋስም እንዳትረሳ። በሩ ላይ ያለው ወረቀት 26 ፒኤስአይ ነው የሚለው፣ ከዚያ ጀምር። ብዙ ጎማ ቤት 35 ሞልተው ነው የሚሰጡህ፣ ለዚች መኪና በጣም ብዙ ነው፣ ትንሸራተታለች። ትራክ የምትመጣበትን ቀን ስታውቅ እዚህ ጻፍልኝ፣ እኔም ካለሁ አብሬህ ተቀምጬ የሜዳውን መስመር አሳይሃለሁ።