ተልባ፣ ሱፍና ኑግ ለጾም፦ ምን ምን ትሠሩበታላችሁ?

ሰላም ቤተሰብ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ እኔ ደግሞ ገና ካሁኑ ሽሮና ምስር ሰልችቶኛል። ከሀበሻ ሱቅ ተልባ፣ ሱፍና ኑግ ገዝቻለሁ፤ መደርደሪያ ላይ ተደርድረው ያዩኛል። ከሥራ ደክሞኝ ስገባ ቶሎ የሚደርስ ነገር ንገሩኝ።

የጓዳ ሰው፦
እህቴ፣ በሱፉ ጀምሪ። ለቅመሽ፣ አጥበሽ ትንሽ ቀቅይው። ከዚያ ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር በብሌንደር ፍጪና በወንፊት አጥልይው፤ አንዴ አይበቃም፣ ገለባው ጥርስ ውስጥ ይገባል፣ እኔ በነጠላ ጨርቅ እደግመዋለሁ። ወተት የመሰለው ላይ ጨው፣ የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ቀይ ሽንኩርት ከትፈሽ ጨምሪበት። እንጀራውን የምትፈተፍቺው ልትበዪ ስትይ ነው፤ ቀድመሽ ካደረግሽው ይላቁጣል። እሑድ አጥልለሽ ፍሪጅ ብታስቀምጪው ለሰኞና ማክሰኞ ይሆንሻል። ለእኔ ከሱፍ ፍትፍት የሚበልጥ የጾም ምግብ የለም፣ የሽሮ ወዳጆች ይቅር በሉኝ።

ሰላማዊት፦
ተልባውን ሳትፈጪ አትብዪ፣ እንዳለ ገብቶ እንዳለ ይወጣል። ብረት ምጣድ ላይ እስኪንጣጣ አመስ አመስ አድርጊና በቡና መፍጫ ፍጪው። ዱቄቱ ቶሎ ስለሚበላሽ በትንሽ በትንሹ ፈጭተሽ ፍሪጅ አስቀምጪ። እኔ ጠዋት አጃ ላይ አንድ ሾርባ ማንኪያ እነሰንስበታለሁ። ውሃ በደንብ ጠጪ፣ አለዚያ ሆድ ያደርቃል።

ጠያቂዋ፦
ተባረኩ! ኑጉስ?

የጓዳ ሰው፦
ቆልተሽ ከጨው ጋር ውቀጪው፣ በትኩስ ቂጣ ብዪው። ልብስሽን ብቻ ጠብቂ፣ ዘይቱ አይለቅም።