የጎረቤት ባህር ዛፍ በር ላይ የቆመች መኪናዬ ላይ ወደቀ፣ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ኮተቤ ነው የምኖረው፣ ትናንት ማታ በዛ ዝናብና ንፋስ የእትዬ የጎረቤታችን ባህር ዛፍ አጥሩን ይዞ መጣና በር ላይ ያቆምኳት ቪትዝ ላይ ወደቀ። ጣሪያዋ ገብቷል፣ የፊት መስታወቱ ረግፏል። ያለኝ የሶስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ብቻ ነው። እትዬ ደሞ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፣ እኛን ያሳደጉን ሰው ናቸው፣ ይክፈሉኝ ለማለት አፌ አልደፈረም፣ ግን መኪናዋ እንጀራዬ ናት። ዛፉ እስካሁን እላይዋ ላይ ነው።

የመገናኛው፦
አይዞህ ወንድሜ፣ ሰው ስላልነበረባት ተመስገን ነው። መጀመሪያ ዛፉ የመብራት ገመድ ይዞ ወርዶ እንደሆነ እይ፣ ከያዘ እንዳትጠጋ፣ ልጆችም እንዳይጠጉ አርግና መብራት ኃይል 905 ደውል። ከዛ ማንም ሳይነካው በደንብ ፎቶ አንሳ፣ ታርጋው፣ አጥሩ፣ በተለይ የዛፉ ስር። ፖሊስ ጣቢያም አስመዝግብ።

ሕግ ተማሪ፦
ሶስተኛ ወገን ያንተ መኪና ሌላ ሰው ላይ ላደረሰችው ጉዳት ነው የሚከፍለው፣ ከሱ አትጠብቅ። በፍትሐ ብሔር ቁጥር 2028 የሚጠየቀው በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ነው፣ ስለዚህ ዛፉ ደርቆ ወይ አዘንብሎ እየታየ አስቆርጡት ተብለው ዝም ብለው ከሆነ መጠየቅ ትችላለህ፣ ጤነኛ ዛፍ ንፋስ ከጣለው ግን ይከብዳል። ለመክሰስ 2 ዓመት አለህ፣ መጀመሪያ በሽማግሌ ተነጋገሩ።

ላሜራ ሰሪው፦
ዛፉን በገመድ እንዳትጎትቱት!! እየቆራረጣችሁ ከላይ አንሱት፣ ሲጎተት ነው ደህናውን በርና ኮፈን የሚጨርሰው። በሮቹ ከገጠሙ ጣሪያው ተቀጥቅጦ ይስተካከላል፣ ካልገጠሙ ግን ጣሪያውን የተሸከመው ምሰሶ ታጥፏል፣ እሱ ሌላ ወጪ ነው። ውሃ ስለገባባት ባትሪውን ፍታ፣ ምንጣፉን አውጥተህ አድርቅ፣ ሳትደርቅ እንዳታስነሳት።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ገመድ አልነካም፣ በሮቹም ይገጥማሉ። ፎቶ ሳነሳ ስሩ ውስጡ በስብሶ ባዶ ሆኗል፣ ከውጪ አይታይም ነበር፣ እኔም ስወጣ ስገባ እያየሁት አንድ ቀን አስቆርጡት አላልኳቸውም። ጠዋት እትዬ እያለቀሱ መጥተው ግንዱን ሽጠህ ለመስታወቱ አርገው አሉኝ። ግቢያቸው የቀሩት ሁለቱም ወደኛ ያዘነበሉ ናቸው፣ ወረዳ ጠይቀን ከሰፈር ልጆች ጋር ልንቆርጥላቸው ተነጋግረናል። ያገለገለ የቪትዝ የፊት መስታወት ሶማሌ ተራ አገኝ ይሆን?