የሬዚኑ አዛዥ ክንድ አልያዝ አለኝ፤ ሽቦ ላስገባበት?

ሰላም ለሁላችሁ። 20 እግረኛና 1 አዛዥ ያለው የጦር ጨዋታ ትንንሽ የወታደር ቅርጾች ስብስብ እየገጣጠምኩ ነው። እግረኞቹ ፕላስቲክ ስለሆኑ አላስቸገሩም፤ የፕላስቲክ ሙጫ ሁለቱን ገጽ አቅልጦ አንድ ያደርጋቸዋል። ያቃተኝ አዛዡ ነው። ሬዚን (ፈሳሹ ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የሚጠጥር ሌላ ዓይነት ቁስ) ስለሆነ ያ ሙጫ ምንም አያደርገውም። ሱፐር ግሉ ቀባሁት፤ ጦር የያዘው ቀኝ ክንዱ ግን ትንሽ ሲነካ ይወድቃል።

እስካሁን ክፍሎቹን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አጥቤያለሁ (ከማውጫ ቅርጹ የሚቀረው ቅባት ሙጫ አያስይዝም)፣ የደረቀውን አሮጌ ሙጫ ፍቄ አንስቻለሁ፣ መጋጠሚያውን በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሻከር አድርጌዋለሁ። የጎበጠው ጦር እንኳ ሙቅ ውሃ ውስጥ ለስልሶ ተቃንቷል፤ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስከተው ቅርጹን ያዘ። ክንዱ ግን ያው ነው።

አሁን ያሰብኩት ትከሻውንና ክንዱን በእጅ መሰርሰሪያ በስቼ ሁለቱን የሚያያይዝ ሽቦ ማስገባት ነው። ችግሩ ትከሻው 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ውፍረት አለው፤ ባለ 1 ሚሊ ሜትሩ ጫፍ እንዳይሰነጥቀው ፈራሁ። 0.5 ይሻላል? ቀዳዳው ምን ያህል ይጥለቅ? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ የትከሻውና የክንዱ ቀዳዳ ፊት ለፊት እንዲገጥሙ በምን ምልክት ታደርጋላችሁ? ጋሻው ደረቱን ስለሚጋርድ ከቀለም በኋላ ነው የምለጥፈው፤ እሱን ተዉት።