ባላንስድ ሰርኪዩት ያለው አምፕሊፋየር በቤት ውስጥ በጆሮ የሚለይ ጥቅም አለው?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። የቤቴን አምፕሊፋየር ለመቀየር አስቤ ስጠያይቅ፣ ሻጮች አዘውትረው የሚያነሡልኝ «ሙሉ በሙሉ ባላንስድ» (ሲግናሉን ከመግቢያ እስከ መውጫ በሁለት የተመሳሰሉ መንገዶች የሚያስኬድ) የሚለውን ነው፤ ዋጋው ግን ተመሳሳይ ኃይል ካለው ተራ ማጉያ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም። በአንድ ሱቅ ውስጥ አንዱን ማጫወቻ በአርሲኤም (በተለመደው ባለ አንድ ፒን መሰኪያ) በኤክስኤልአርም (በባላንስዱ ባለ ሦስት ፒን መሰኪያ) አገናኝተው እያቀያየሩ ሲያሰሙኝ፣ በኤክስኤልአር የመጣው ድምፅ ይበልጥ የሞላና የጠራ ሆኖ ተሰማኝ። ይህ ከሰርኪዩቱ የመጣ ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለው? በተጨማሪም የዲሽ ሪሲቨሬን አሁን ካለኝ ማጉያ ጋር ሳገናኝ ከስፒከሮቹ የማያቋርጥ እምም የሚል ድምፅ ይወጣል። ባላንስድ ማጉያ ብገዛ ይህ ይወገድልኛል?

ሳውንድማን፦
ሱቅ ውስጥ ከሰሙት ልጀምር። በአብዛኞቹ ማጫወቻዎች የአርሲኤ መውጫ 2 ቮልት ገደማ ሲሰጥ የኤክስኤልአሩ 4 ቮልት ገደማ ይሰጣል። ቮልቴጁ በእጥፍ አደገ ማለት ድምፁ በ6 ዴሲቤል ከፍ አለ ማለት ነው፤ ማጉያው ራሱ ይህን ልዩነት ካላካካሰው በቀር፣ አድማጭ ከፍ ብሎ የመጣውን ድምፅ የተሻለ ነው ብሎ መፍረዱ አይቀርም። ትክክለኛ ንጽጽር ከፈለጉ የ100 ኸርዝ ቶን ያጫውቱና በስፒከሩ መሰኪያ ላይ ያለውን ቮልቴጅ በመልቲሜትር እየለኩ ሁለቱን ከ1 በመቶ ባልበለጠ ልዩነት ያስተካክሉ (ርካሽ መልቲሜትሮች ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ ስለሚሳሳቱ 1 ኪሎኸርዝ አልመርጥም)። ከዚያም የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ ሳያውቁ ሌላ ሰው ይቀያይርልዎ። ይህን ያደረጉ የማውቃቸው ሰዎች አብዛኞቹ ልዩነቱን ማግኘት አልቻሉም።

ባላንስድ መስመር የተፈጠረው ለሌላ ችግር ነው። ከማይክ የሚመጣው ሲግናል ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ሆኖ፣ ኬብሉ ደግሞ ከመድረክ መብራት ገመዶች ጎን ለጎን 50 ሜትር ሲዘረጋ፣ በመንገድ ላይ የሚገባው ረብሻ የኤክስኤልአሩን 2ኛና 3ኛ ፒን፣ ማለትም ሁለቱን የሲግናል ሽቦዎች፣ እኩል ይነካል። ተቀባዩ ሰርኪዩት የሁለቱን ልዩነት ብቻ ስለሚወስድ የጋራው ረብሻ ይሰረዛል። ለዚህ ወሳኙ የሁለቱ ሽቦዎች ኢምፒዳንስ (ለተለዋዋጭ ሲግናል ያላቸው ተቃውሞ) ከግራውንድ አንጻር እኩል መሆኑ ነው እንጂ ሲግናሉ በሁለቱም ላይ መኖሩ አይደለም። የመሰረዝ ችሎታውም ቢሆን በስም አይገኝም፦ ቀላሉ ባለ አራት ሬዚስተር መግቢያ 1 በመቶ ስሕተት ባላቸው ሬዚስተሮች ከተሠራ በከፋው ሁኔታ 34 ዴሲቤል ብቻ ሲሰርዝ፣ በ0.1 በመቶ ሲሠራ ግን 54 ይደርሳል። በሁለቱም ማጉያዎች ጀርባ ላይ ያለው ሶኬት አንድ ዓይነት ነው።

ቱቦና ትራንዚስተር፦
ሳውንድማን የተናገሩት ስለ ኬብል ነው። ጥያቄው ግን ስለ ሰርኪዩቱ ይመስለኛል። ከመግቢያ እስከ መውጫ ሁለት የተመሳሰሉ ሰርኪዩቶች ሲኖሩ ጥንድ ሃርሞኒኮች (ማጉያው የሚጨምራቸው የዋናው ድምፅ 2፣ 4... እጥፍ የሆኑ መዛባቶች) ይሰረዛሉ፤ ሲግናሉ በ6 ዴሲቤል ሲያድግ እርስ በርስ የማይገናኘው ኖይዝ በ3 ብቻ ስለሚያድግም የ3 ዴሲቤል ትርፍ አለ። ይህ እንዴት አይሰማም ይባላል?

ብየዳ፦
ስሌቱ ትክክል ነው፤ ጥያቄው ከምን ላይ ተነሥተን ነው የሚለው ነው። ኖይዙ አስቀድሞ በማዳመጫ ቦታዎ የማይሰማ ከሆነ፣ በ3 ዴሲቤል ቢቀንስ የሚታየው በመለኪያ መሣሪያ ላይ ብቻ ነው። የሚሰረዙት ጥንድ ሃርሞኒኮች ደግሞ ለጆሮ እምብዛም የማይከብዱት ናቸው፤ ሦስተኛውና አምስተኛው እንዳሉ ይቀራሉ። ከዚህ ሌላ፣ መውጫው በብሪጅ (ስፒከሩ በሁለት ማጉያዎች መካከል ተያይዞ) የተሠራ እንደሆነ 8 ኦም ስፒከር ለእያንዳንዱ ወገን እንደ 4 ኦም ሆኖ ይከብደዋል፤ የመውጫው ኢምፒዳንስም በእጥፍ ያድጋል። ያንኑ ገንዘብ በተሻለ ስፒከር ላይ ማዋል ይበጃል እላለሁ።

ወደ እምምታው ስመለስ፣ ግራውንድ ሉፕ (ዕቃዎቹ በግራውንድ ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ሲገናኙ የሚፈጠር ቀለበት) ሳይሆን አይቀርም። ድምፁ እየተሰማ ሳለ ከዲሹ የሚመጣውን ገመድ ከሪሲቨሩ ጀርባ ፈትተው ያውጡት፤ ወዲያው ጸጥ ካለ ምንጩ ያ ነው። በዲሹ ገመድ ላይ ተራ ማግለያ (የግራውንዱን ግንኙነት የሚቆርጥ ዕቃ) እንዳይገጥሙ፦ ኤልኤንቢው (ዲሹ ላይ ያለው ሲግናል ተቀባይ) የሚሠራበት 13 ወይም 18 ቮልት በዚያው ገመድ ስለሚሄድ ማግለያው ሊያቋርጠው ይችላል። ስለዚህ በሪሲቨሩና በማጉያው መካከል ባለው የድምፅ መስመር ላይ የድምፅ ትራንስፎርመር ማስገባት ይሻላል። ባላንስድ መግቢያ ያለው ማጉያ ቢገዙም፣ የሪሲቨርዎ መውጫ አርሲኤ ስለሚሆን 3ኛውን ፒን ከ1ኛው (ከግራውንዱ) ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ ተራ አዳፕተር ከተጠቀሙ ጥቅሙን እዚያው ያጡታል። ሁለት የውስጥ ሽቦና ሺልድ (ዙሪያውን የሚሸፍን የብረት መከለያ) ያለው ኬብል ይጠቀሙ፤ አንዱ ሽቦ ከአርሲኤው መሐል ወደ 2ኛው ፒን፣ ሌላው ከውጭኛው ቀለበት ወደ 3ኛው ይሂድ፤ ሺልዱ ደግሞ ከ1ኛው ጋር ይያዝ። የሶኬቱን የግራውንድ እግር ቆርጦ ድምፁን ማጥፋት ግን ለሕይወት አስጊ ነውና ማንም ቢመክርዎ አይቀበሉ።

ሸክላ ወዳድ፦
በቤት ውስጥ ባላንስድ ግንኙነት በእርግጥ የሚጠቅምበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱም የሸክላ ማጫወቻ ነው። የሙቪንግ ኮይል ካርትሪጅ (መርፌው ትንሽ የሽቦ ጥቅልል የሚያንቀሳቅስበት የንባብ ክፍል) የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሚሊቮልት ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ጥቅልሉም ከግራውንድ ጋር ስላልተያያዘ በተፈጥሮው ለባላንስድ መስመር የተመቸ ነው። ከማጫወቻው ጎን የኃይል ትራንስፎርመር ካለ እምምታውን ሲቀንስ በግልጽ ይሰማል። በሙቪንግ ማግኔት (መርፌው ማግኔት በሚያንቀሳቅስበት ዓይነት) ግን አስቀድመው የካርትሪጁን ፒኖች ይመልከቱ፦ በአንዳንዶቹ አንዱ የግራውንድ ፒን በትንሽ ብረት ከካርትሪጁ አካል ጋር የተያያዘ ነው፤ ያ ብረት ሳይነሣ መስመሩ ባላንስድ አይሆንም።