ክርክር፦ በጋራ ምናባዊ ጨዋታ ለገጸ ባሕርይ ቁም ነገር ያለው ድርሻ የሚሰጠው ማን ነው?

ጥያቄ አቅራቢ፦
ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን በመሳሰሉ፣ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ወክሎ በጨዋታ መሪው በሚቀርብ ታሪክ ውስጥ በሚሳተፍባቸው የጋራ ምናባዊ ጨዋታዎች አንዱ ገጸ ባሕርይ ታሪኩን ሲመራ፣ ሌላው ዳይስ የሚጥልበትን ተራ ሲጠብቅ ያመሻል። ተጠያቂው ማን ነው? እኔ የጨዋታ መሪው ነው እላለሁ፤ ጠላቱንም ምስጢሩንም የሚያዘጋጀው እሱ በመሆኑ፣ በዝግጅቱ ውስጥ ለአንዱ ቦታ ካልተገኘለት ጉድለቱ የእሱ ነው።

የደንብ ወዳጅ፦
ከመሪው በፊት ደንቡን ማየት ይገባል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት የመጀመሪያው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን የተባሉ ሦስት የገጸ ባሕርይ ምድቦች ነበሩት፤ እያንዳንዱም ሌላው የማይችለውን ይችል ነበር። በ2008 የወጣው የዚሁ ጨዋታ አራተኛ እትም ደግሞ ጓዶቹን የሚከላከል፣ አጥብቆ የሚመታ፣ የሚደግፍና የሚፈውስ፣ የውጊያውን ሜዳ የሚቆጣጠር በማለት ድርሻዎቹን በግልጽ ለይቷል። ድርሻው የተለየለት ተጫዋች ቦታ አጣሁ ብሎ አያማርርም።

ነባር ተጫዋች፦
ያማርራል እንጂ! በ1975 ግሬይሆክ የተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ሌባን በምድብነት ሲያስገባ፣ ቁልፍ መክፈትና ወጥመድ ማክሸፍ በመቶኛ የተተመነ የሌባው ችሎታ ሆነ፤ ቀድሞ ማንኛውም ተጫዋች ወለሉን እንዴት እንደሚመረምር በቃሉ ገልጾ ይሞክረው የነበረውን ነገር፣ ብዙዎች ከዚያ በኋላ ለእሱ ብቻ ተዉለት። ለአንዱ የታጠረው ቦታ ከሌሎቹ የተቀነሰ ነው። አራቱ የውጊያ ድርሻዎችም ቢሆኑ፣ ምሽቱ በንጉሥ ችሎት በሙግት ሲያልፍ ማን ምን እንደሚያደርግ አይነግሩም።

በእኔ አስተያየት የገጸ ባሕርይ ድርሻ የሚለካው በሚችለው ነገር ሳይሆን፣ እሱ ካልወሰነ ታሪኩ ሊቀጥል በማይችልበት ጉዳይ ነው። ካህኑን እንውሰድ። ቁስል ከመፈወስ በቀር ሥራ ከሌለው አገልጋይ ነው፤ ነገር ግን ጓዶቹ የሸሸጉት ዐማፂ በገዛ ቤተ መቅደሱ የተወገዘ ሰው ቢሆን፣ አሳልፎ ይስጠው ወይስ ከአለቆቹ ይጣላ የሚለውን ተዋጊው ሊወስንለት አይችልም። ይህ እንዲሆን ግን ተጫዋቹ አስቀድሞ ለገጸ ባሕርዩ አንድ ያልተከፈለ ዕዳ፣ እንዲሁም ገጸ ባሕርዩ እምቢ ሊለው የማይችል አንድ ሰው ማበጀት አለበት። ቤተሰቡ ያለቀበት፣ ማንንም የማያምን ብቸኛ ተንከራታች ይዞ የሚመጣ ተጫዋች (ደግሞም አይጠፋም) መሪው የሚይዝበትን እጀታ ሁሉ ቆርጦ ጥሎ ነው የመጣው።

ጥያቄ አቅራቢ፦
በዚህ ላይ ልከራከርዎ አልችልም። ሆኖም ጀማሪና ዓይን አፋር የሆነ ሰው ይህን ሁሉ ከየት ያመጣል? ስድስት ተጫዋቾች ለሦስት ሰዓት ቢቀመጡስ፣ እኩል ቢካፈሉ እንኳ ለአንዱ የሚደርሰው ግማሽ ሰዓት ብቻ አይደለምን?

ነባር ተጫዋች፦
ለጀማሪው ሌሎቹ ተጫዋቾች ከመሪው ይልቅ ይጠቅሙታል፤ በጨዋታው መካከል «ካህኑ ምን ይላል?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ጓድ ካለ፣ ያልተናገረው ሰው መናገር ይጀምራል። ስለ ሰዓቱ ያነሱት ግን ትክክል ነው። እኔ ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ሁሉንም አንድ ላይ አስቀምጬ ታሪካቸውን አስተሳስራለሁ፤ ሌባው ገንዘብ የተበደረው ተዋጊዋ ከምትፈልገው ወንድሟ ከሆነ፣ አንዱ ትዕይንት የሁለቱንም ጉዳይ ያነሳል፣ ግማሹ ሰዓትም ለሁለቱም አንድ ሰዓት ይሆናል።