ክሬዲቱ «ተዛውሯል» ይላሉ፣ ለዲግሪው ግን አይቆጠርም። ምን ይሻላል?

የሲልቨር ስፕሪንጓ (ጠያቂ)፦

ሰላም ቤቶች። ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚዛወሩትን የማማክር የትራንስፈር አድቫይዘር ሆኜ ከተቀጠርኩ ሰባት ወሬ ነው። ከዚያ በፊት ፋይናንሻል ኤይድ ክፍል ነበርኩ። የገንዘቡን ነገር አውቀዋለሁ፤ የክሬዲቱን ግን ገና እየተማርኩ ነው። እዚሁ ሙያ ላይ ያላችሁ ሰዎች እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው የምጽፈው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሐበሻ ልጅ ወረቀት ይዞ ቢሮዬ መጣ። እኛ ጋ 62 ክሬዲት ጨርሶ፣ ቢዝነስ ሊማር ወደ አንድ ዩኒቨርሲቲ ያለፈ ልጅ ነው። የዩኒቨርሲቲው ወረቀት «59 ክሬዲት ተቀብለናል» ይላል። ልጁ ይቺን መስመር እንዳየ ለእናቱ ደወለ፤ እናቱም ጎረቤት ጠርታ ቡና አፈላች። ወደ ታች ሲወርድ ግን የ18ቱ ክሬዲት ፊት ለፊት የኮርስ ስም የለም። «ኢሌክቲቭ» (የምርጫ ኮርስ) ብቻ፣ ስድስት ጊዜ ተደርድሮ። ስታትስቲክሱ እዚያ ውስጥ ገብቷል። የቢዝነስ ሕጉም እንደዚያው። ዲግሪው የሚፈልገው ነጻ ኢሌክቲቭ ደግሞ 6 ክሬዲት ብቻ ነው። የቀረው 12 ትራንስክሪፕቱ ላይ አለ፣ ግን ምንም አይሠራለትም።

አርትሲስ ላይ (የሜሪላንድ ኮሌጆች የኮርስ ዝውውር ማያ ድረ ገጽ) ስፈትሸው ስታትስቲክሱ «ይዛወራል» ይላል። ውሸት አይደለም፣ ተዛውሯል። ወዴት እንደተዛወረ ነው ያልተነገረን። በዚያ ላይ ልጁ በፔል ግራንት (የማይመለስ የፌዴራል መንግሥት ድጎማ) ነው የሚማረው። ፔል በዕድሜ ልክ ለ12 ሴሚስተር ያህል ብቻ ነው፤ መድገም ከዚያ ላይ ይበላበታል።

ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። ለዚህ ልጅ አሁን ምን ላድርግለት? ደግሞ አለቃዬ ከአጎራባች ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጋር ትንሽ ቡድን አቋቁሚ ብላኛለች። ማንን ልጥራ? ምን ይዤ ልቅረብ?

ፋይል አገላባጭ፦

እህቴ፣ እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ቢሮ ነው የምሠራው፣ 11 ዓመት ሆነኝ። እንደዚያ ዓይነቷን ወረቀት የምጽፈው እኔ ነኝ፤ አትርገሚኝ።

ጓዳችን እንዲህ ነው። ከዚህ በፊት የተወሰኑ ኮርሶች የተመዘገቡበት ሠንጠረዥ አለ። የመጣው ኮርስ ሠንጠረዡ ውስጥ ካለ አቻው ይሰጠዋል። ከሌለ ሲስተሙ ራሱ ኢሌክቲቭ ብሎ ያስገባዋል። ብዙ ሰው የማይገባው ይሄ ነው። ኮርሱን አይቶ «አይመጥንም» ያለ ሰው የለም። ጭራሽ ያየው ሰው የለም። ኦገስት ላይ ፋይሉ ጠረጴዛዬ ላይ ተከምሮ፣ እያንዳንዱን ለዲፓርትመንት ልኬ መልስ ልጠብቅ ብል ልጆቹ ሳይመዘገቡ ትምህርት ይጀመራል።

ስለዚህ ልጁ በድጋሚ ይታይልኝ ብሎ ያመልክት። ሲላበስ ያያይዝ። ያሁኑን አይደለም፣ እሱ የተማረበትን ሴሚስተር። ከካታሎግ ተቀድታ የመጣች አራት መስመር አይቶ የሚፈርም መምህር የለም። በየሳምንቱ የተማሩት ርዕስ፣ መጽሐፉ፣ ፈተናውና የቤት ሥራው ይታይ። ለሜጀሩ አድቫይዘርም ግልባጭ ይድረሰው።

እናንተ ጋ ደግሞ ጥሩ ሕግ አለ። ሜሪላንድ በ2021 ያወጣችው ሕግ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ኮርስ አልቀበልም ሲል ምክንያቱን ለተማሪውም ለላከው ኮሌጅም እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። «ኢሌክቲቭ አድርገን ተቀብለናል እኮ» ብለው ሊከራከሩሽ ይችላሉ። ይከራከሩ። ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡኝ ማለት አያስከፍልም።

ሁለቴ የተማርኩት፦

መልስ የለኝም፣ ብሶት ነው ያለኝ። ነርሲንግ ልገባ ስል አናቶሚሽ አርጅቷል ተባልኩ። ብዙ የነርሲንግ ፕሮግራሞች ከአምስት ወይ ከሰባት ዓመት በላይ የሆነውን የሳይንስ ኮርስ አይዙም። እኔ ደግሞ በመሐል ሁለት ልጅ ወልጃለሁ። የሰው አጥንት ድሮ 206 ነበር፤ እንደገና ከፍዬ ስማረውም 206 ነው። እባክሽ ይሄን ለተማሪዎችሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው።

ጋሽ ቀመር፦

ልጄ፣ እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ። ሬጅስትራር የሚልከውን ሲላበስ እያየሁ ይመጥናል፣ አይመጥንም የምለው እኔ ነኝ። የሠራሁትን ጥፋት ልንገርሽ።

ከአንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የመጣ የስታትስቲክስ ሲላበስ ነበር። «ምዕራፍ 1 እስከ 12» ብቻ ይላል። ሪግሬሽን የሚል ቃል አጣሁበትና አይመጥንም ብዬ መለስኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚያው ስመልስ ቆየሁ። አንድ ቀን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ስልክ አነሳሁና መምህሯ ጋ ደወልኩ። ሳቀችብኝ። «ምዕራፍ 11 እኮ ሪግሬሽን ነው» አለች። ሦስት ሳምንት ያስተምሩታል! ሩብ ሰዓት ባልሞላ ወሬ ጨረስን። ከዚያ ወዲህ የመጣ ሁሉ ያልፋል። ከዚያ በፊት የመለስኳቸውን ልጆች ግን አሁንም አስባቸዋለሁ።

ስለዚህ ቡድንሽ ውስጥ ዲን አታብዢ። ዲኖች ይፈራረማሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ይሄዳሉ። የሚያስተምሩትን ጥሪ። ከየወገኑ አንድ መምህር፣ አንድ ፋይል የሚያይ ሰው፣ አንድ አድቫይዘር ይበቃል። ሁሉንም ኮርስ አንስቼ ልጨርስ አትበይ። ተማሪዎችሽ በብዛት የሚወስዷቸውን፣ ግን ኢሌክቲቭ እየሆኑ የሚቀሩትን አሥር አሥራ ሁለት ኮርሶች ለይተሽ፣ የሁለቱን ወገን ሲላበስ ጎን ለጎን አትመሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪ። ወረቀት ፊቱ ያለ ሰው አይፎክርም።

ያንቺ ልጅ ብቻ እንዳይመስልሽ። ለኮንግረስ ኦዲት የሚሠራው ጂኤኦ በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2004 እስከ 2009 ኮሌጅ የቀየሩ ተማሪዎች በአማካይ ከክሬዲታቸው 43 በመቶውን አጥተዋል። ለትርፍ ከሚሠሩ ኮሌጆች ወደ መንግሥት ኮሌጅ የሄዱት ደግሞ 94 በመቶ። የኛ ሰው «ማታ ማታ ይመቸኛል» ብሎ እነዚህ ጋ ሲመዘገብ ሳይ ሆዴ ይባባል።

የሎስ አንጀለሱ፦

እኛ ካሊፎርኒያ ያለነው የኮርስ ቁጥሩ ላይ ነው የተጠመድነው። በ2021 የወጣ ሕግ 116ቱም ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ተመሳሳዩን ኮርስ በአንድ ቁጥር እንዲጠሩ ያዛል። የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ኮርስ አንዱ 1 ይለው ነበር፣ አንዱ 1ኤ፣ አንዱ 101። አሁን ሲ1000 ሆኗል። ፍሎሪዳ ይሄን የጀመረችው በ1970ዎቹ ነው፤ እኛ ነን የዘገየነው።

ከ2010ሩ ሕግ ወዲህ ደግሞ ለዝውውር ተብሎ የተዘጋጀ የሁለት ዓመት ዲግሪ አለን። 60 ዩኒት ጨርሶ በዚያው ሜጀር የሚቀበለው ካል ስቴት (የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ) የገባ ተማሪ፣ ለመመረቅ ከሌላ 60 በላይ አይጠየቅም። ችግሩ ሜጀር ሲቀየር ነው። ያኔ ዋስትናው ይቀራል። የሃያ ዓመት ልጅ ደግሞ ሜጀር ሳይቀይር አያድርም።

ፋይል አገላባጭ፦

የቁጥሩ ነገር ጥሩ ነው፣ ግን ዓመታት ይፈጃል። ቶሎ የሚሠራው ቀድሞ መንገር ነው። ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) እና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ በ2018 የጀመሩት አድቫንስ የሚባል ፕሮግራም አለ። ተማሪው ገና ኖቫ እያለ እስከ ባችለር ዲግሪው ድረስ ምን ምን ኮርስ እንደሚወስድ በእጁ ይይዛል፤ ከሁለቱም ወገን የሚከታተለው ሰው አለው። ልጅሽ ይሄ ዝርዝር ከሁለት ዓመት በፊት በእጁ ቢኖር ኖሮ ያንን የቢዝነስ ሕግ አይወስደውም ነበር።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ልጨምር፣ ከኢትዮጵያ ትራንስክሪፕት ይዘው ለሚመጡትስ ምን ትሉኛላችሁ? በሳምንት አንድ ሁለቱ አይጠፉም።

አራት ኪሎ ሬጅስትራር፦

እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ልጆቹ ስቱደንት ኮፒ ይዘው ይሄዱና እዚያ አይሠራም ሲባሉ ይደውሉልናል። ኦፊሻሉ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ነው የሚላከው። ኮስት ሼሪንግ ያልጨረሰ ደግሞ አይላክለትም። እዚህ እያሉ ቢጨርሱት በዘመድ ከማስለመን ይድናሉ።

በሞጁላር የተማሩት ትራንስክሪፕታቸው በኢሲቲኤስ (በአውሮፓው የክሬዲት መለኪያ) ነው የተሠራው። የሙሉ ዓመቱ 60 ነው። እናንተ ጋ የዓመቱ 30 ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ይካፈላል። 120 ይዞ የመጣ ልጅ 60 ሲባል ተዘረፍኩ ይላል። አልተዘረፈም፣ መለኪያው ነው የተለየው።

ትራንስክሪፕታቸውን እዚያ ሲያስገመግሙም «ኮርስ በኮርስ» የሚለውን ይምረጡ። ርካሹ ምን ዓይነት ዲግሪ እንዳላቸው ብቻ ነው የሚናገረው፤ ለክሬዲት አይጠቅማቸውም። የኮርስ አውትላይን ደግሞ ከመብረራቸው በፊት በፒዲኤፍ ይያዙ። መምህሩ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ከተዛወረ በኋላ ከአሜሪካ ሆኖ አውትላይን መፈለግ መከራ ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)፦

ወሬ ይዤ መጣሁ። የስታትስቲክስ መምህሩ ጡረታ ወጥተዋል። ደግነቱ የዲፓርትመንቱ ጸሐፊ ሲላበሱን ከድሮ ፎልደር ፈልጋ አወጣችልኝ፤ ጥግ ላይ የቡና ቀለበት ያረፈበት ሦስት ገጽ። ስካን አድርገን ላክን። በዘጠነኛው ቀን ስታትስቲክሱ በስሙ ተመዝግቦ መጣ። ሌላም አንድ አብሮት አለፈ። የቢዝነስ ሕጉ ግን አልሆነም። ምክንያቱን ጠየቅኩ፣ ጻፉልኝ፤ እነሱ ጋ ባለ 300 ቁጥር (የሦስተኛ ዓመት ደረጃ) ኮርስ ስለሆነ ከመጀመሪያው ሁለት ዓመት አይወስዱም። ከስድስቱ ሁለቱ ዳኑ፣ አንዱ አልሆነም፣ የሦስቱን እየጠበቅን ነው።

ስብሰባውም ተቆርጧል። አምስት ሰው፣ አሥራ ሁለት ኮርስ። ዲን አልጠራሁም፤ ግን አንድ ዲን ሰምተው ራሴ ልምጣ ብለዋል። ምን ልበላቸው?

ጋሽ ቀመር፦

ይምጡ። ወረቀቱን እሳቸው ያባዙ።

ፋይል አገላባጭ፦

የቢዝነስ ሕጉን በከንቱ አታስቀሪው። ከነጻው 6 ኢሌክቲቭ አንዱ እሱ መሆኑን አረጋግጪ። የሦስቱ መልስ ሲመጣ ደግሞ የትኛው ኮርስ የትኛውን ቦታ እንደያዘ ከሜጀሩ አድቫይዘር ጋር ቁጭ ብሎ ይቁጠር፤ ሲስተሙ አንዳንዴ የሚጠቅመውን ትቶ የማይጠቅመውን እዚያ ይሰካል። ያንን የአሥራ ሁለት ኮርስ ሠንጠረዥ ለእኔም ላኪልኝ። ማክሰኞ በምሳ ሰዓት አየዋለሁ።